ማሽላችን ማንን ይጠራል? ስለ ብስባሽ፣ ስለ ሥር ፈንገስና ስለ አቀንጭራ

(ለጎልማሳ ተማሪዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ መለማመጃ የታተመ)

በቆቦ፣ በጎብዬ፣ በሮቢት፣ በዋጃ፣ በዞብል ተራራ ሥር ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ ከእርሻ ውላችሁ፣ ከብት አስገብታችሁ፣ ደክሟችሁ ሳለ ለትምህርት ስለተቀመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ በጆሯችሁ የምትሰሙትን ነገ በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። የከበደ ቃል ካጋጠማችሁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራችሁ አንብቡት። አትቸኩሉ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ሙያዬን የተማርኩት በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ነገር ግን ያደግሁት ወፍ እየጠበቅሁ፣ ማሽላ እሸት እየበላሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ሁላችንም ስለምናውቀው ነገር ነው። ስለ ማሽላ ነው። ይሁን እንጂ የምናየው ከምድር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ዛሬ ግን ወደ ሥሩ እንወርዳለን።

«ማሽላ እያረረ ይስቃል» ይባል የለም? በምጣድ ላይ እየተቃጠለ፣ እየፈነዳ፣ ነጭ ጥርሱን ያሳያል። በማሳችን ላይ ያለውም ማሽላ አንዳንዴ እንዲሁ ነው። ቡቃያው አምሮ ይታያል። ጎረቤት አይቶ «ዘንድሮስ ያዘላችሁ» ይላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል። ዝናብ ዘንቦ፣ መሬቱ ርሶ ሳለ፣ ማሽላው የተጠማ ይመስላል። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለን ስናይ ሐምራዊ አበባ ያላት ትንሽ ተክል ከሥሩ ብቅ ብላ እናገኛለን። ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። አቀንጭራ ናት።

ከምድር በታች ያለው ሌባ

አቀንጭራ እንደ ሌላው አረም አይደለችም። ሌላው አረም በገዛ ሥሩ ውሃና ምግብ ይፈልጋል። አቀንጭራ ግን ሥሯን በማሽላው ሥር ላይ ትሰካለች። ማሽላው ለራሱ የሰበሰበውን ውሃና ምግብ ከዚያው ትጠጣለች። በማሽላ ብቻ አይደለም፤ በበቆሎና በዳጉሳም እንዲሁ ታደርጋለች።

ከአፈር በላይ ብቅ ከማለቷ በፊት አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ከምድር በታች ተደብቃ ትኖራለች። እኛ አይተናት ለመንቀል ስንነሣ፣ እሷ ብዙውን ጉዳት አድርሳ ጨርሳለች። ሌባው ጎተራውን ካራቆተ በኋላ እንደሚጮህ ሰው ነው የምንሆነው።

ዘሯ ደግሞ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አንዲት አቀንጭራ እስከ 50 ሺህና ከዚያም በላይ ዘር ልታፈራ ትችላለች። ዘሩ በአፈር ውስጥ ሳይበሰብስ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። ጎርፍ ይወስደዋል፤ ከብት በእግሩ ይዞት ይዞራል፤ ከማሽላ ዘር ጋርም ተደባልቆ ከማሳ ማሳ ይሄዳል።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ ደቃቅ ዘር 10 ዓመት ሙሉ ተኝቶ ቆይቶ፣ የሚነቃበትን ጊዜ በምን ያውቃል? ማሽላ በአጠገቡ መኖሩን ማን ይነግረዋል? መልሱ የሚያስገርም ነው። የሚነግረው ራሱ ማሽላው ነው! ማሽላው ግን የሚጠራው ሌባውን ብሎ አይደለም። የሚጠራው ወዳጁን ነው። እስቲ መጀመሪያ ከወዳጁ ጋር እንተዋወቅ።

ከምድር በታች ያለው ወዳጅ

በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብዙ ነፍስ ያላቸው ነገሮች አሉ። ከእነዚህም አንዱ ፈንገስ ይባላል። በከረመ እንጀራ ላይ የምናየው ሻጋታና በክረምት የሚበቅለው እንጉዳይ ከፈንገስ ወገን ናቸው። ከፈንገስ ክፉም አለ፣ ደግም አለ። አንዱ እህል ያበላሻል፤ ሌላው ተክል ያሳድጋል።

ዛሬ የምናወራው ስለ ደጉ ነው። ስሙ ማይኮራይዛ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው። ትርጉሙም «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው። እኛ በቀላሉ የሥር ፈንገስ እንበለው።

የሥር ፈንገስ እንደ ጥጥ ፈትል ቀጭን ነው አልላችሁም። ከዚያም እጅግ ይቀጥናል። ከሰው ጠጉር እንኳ በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። አንዱ ጫፉ በማሽላው ሥር ውስጥ ይገባል። ሌላው ጫፉ በአፈሩ ውስጥ ይዘረጋል። የማሽላው ሥር በውፍረቱ ምክንያት ሊገባበት በማይችለው ጠባብ ቀዳዳ ሁሉ እርሱ ይገባል። ከዚያም ፎስፈረስ የተባለውን የእህል ምግብ እየለቀመ ለሥሩ ያቀብላል። ዚንክ የሚባለውንም ማዕድን ያመጣል። ውሃም በማግኘት ይረዳል።

ማሽላውስ ምን ይከፍላል? ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳር ለፈንገሱ ያካፍላል። ፈንገሱ ቅጠል ስለሌለው ስኳር መሥራት አይችልም። እንግዲህ ይህ ወንፈል ነው። አንዱ ጉልበት ያመጣል፤ ሌላው ስንቅ ያመጣል። ወንፈሉም ትናንት የተጀመረ አይደለም። ድንጋይ ሆነው በተገኙ ጥንታዊ ተክሎች ውስጥ ምልክቱ ታይቷል። ዕድሜያቸው 400 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ዛሬም በምድር ላይ ካሉ ተክሎች አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል፣ እንዲህ ካለ ፈንገስ ጋር ይኖራሉ።

በእኛ አገር በጫካ ውስጥ የሚበቅለው ቡና ሥሩ ላይ ይህ ፈንገስ አለው። ጤፍና ባቄላም ወዳጆቹ ናቸው። በቆቦ በመስኖ የምናለማው ሽንኩርት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ይፈልገዋል። ሽንኩርት ነቅላችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ጥቂትና ወፍራም ነው፤ ጭረት የለውም። ስለዚህ ያለ ፈንገሱ ብዙ ርቆ ምግብ መለቀም አይሆንለትም። ጎመንና ሰናፍጭ ግን ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጁም።

ሌላም ጥቅም አለው። እነዚያ ቀጫጭን ክሮች አፈሩን እንደ መረብ ይይዙታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ አፈሩ ተያይዞ ጉብል ጉብል ይላል። እንዲህ ያለ አፈር ጎርፍ በቀላሉ አይጠርገውም፤ ውሃም ያሳልፋል፣ ውሃም ይይዛል።

አንድ ጥሪ፣ ሁለት ሰሚ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አፈሩ ሲራብ፣ በተለይም ፎስፈረስ ሲያንሰው፣ የማሽላው ሥር አንድ ፈሳሽ ቅመም ወደ አፈሩ ያወጣል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው። ለፈንገሱ ግን ጥሪ ነው። «ተርቤአለሁና ድረስልኝ» እንደማለት ነው። ፈንገሱም ይህን ሲሰማ ክሩን ያበዛል፣ ወደ ሥሩ ይመጣል።

ምን ያደርጋል! በዚያው አፈር የተኛው የአቀንጭራ ዘርም ይህንኑ ጥሪ ይሰማል። «የምበላው ሰው መጥቷል» ብሎ ይነቃል። ወዳጅን ለመጥራት የተላከው ድምፅ ሌባውንም ቀሰቀሰው ማለት ነው።

ይህ ነገር በአንድ ቀን አልታወቀም። በመጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966፣ በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ቅመም ከጥጥ ሥር ለይተው አወጡ። ተክሎች ጠላታቸውን የሚጠራ ነገር ለምን እንደሚያወጡ ግን ለብዙ ዓመት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ። ያው ቅመም የሥር ፈንገስን የሚጠራ ሆኖ ተገኘ። እንቆቅልሹ ተፈታ።

እንግዲህ ልብ በሉ! የዛሬው ንግግሬ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። አፈሩ ይበልጥ በተራበ ቁጥር ማሽላው ይበልጥ ይጮኻል። ይበልጥ በጮኸ ቁጥር አቀንጭራ ትነቃለች። አፈሩ ከጠገበ ግን ጩኸቱ ይቀንሳል። የሥር ፈንገሱ ቀድሞ ገብቶ ከተቀመጠም ሥሩ ጥሪውን ያሳንሳል። በካሜሩን በማሽላ ማሳ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የሥር ፈንገስ የተጨመረለት ማሽላ ላይ የወጣው አቀንጭራ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ አቀንጭራ የአረም ጉዳይ ብቻ አይደለችም። የአፈር ረሃብ ምልክት ናት። አፈራችንን ሳናበላ አቀንጭራን ብቻ ብንነቅል፣ በየዓመቱ መንቀላችን አይቀርም።

አፈራችን በምን ተራበ?

አንድ አረጋዊ ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው፣ «መምህር፣ የቆቦ መሬት ምን ረሃብ አለበት? ጎሊናና ሆርማት ከደጋው ደለል እያመጡ ያጎርሱት የለም ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በጎርፍ መስኖ የሚጠጣው ማሳችን ደለል ያገኛል። ብዙዎቻችን ማዳበሪያ ሳንጨምር የኖርነውም በዚሁ ነው።

ነገር ግን «አባቴ፣ ጎርፉ የሚደርሰው ሁሉም ማሳ ላይ ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ጎርፉ በየዓመቱ አይመጣም፤ ሲመጣም ሁሉን አያዳርስም። ደለሉ ደግሞ ከብስባሽ የሚገኘውን ያህል ገንቢ ነገር ላይኖረው ይችላል። ያውም አስቀድሜ እንዳልኩት የአቀንጭራን ዘር ይዞ ይመጣል።

እስቲ እኛ ከማሳው የምንወስደውን እንቁጠር። ዘለላውን እንቆርጣለን። አገዳውን ለከብትና ለግመል መኖ፣ ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያ እናጭዳለን። የቀረውን ቃርሚያ ከብት ገብቶ ይግጠዋል። እበቱን ለቅመን ኩበት እናደርገዋለን። ለአፈሩ ምን ተረፈው? ምንም። ከብድር አበዳሪ ሳይመልሱ በየዓመቱ መበደር ይሏል ይህ ነው።

ማዳበሪያ መግዛት ለሚችል መልካም ነው። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ዋጋው እንዴት እንደናረ እናስታውሳለን። ደግሞም ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ከመጠን በላይ ከሆነ የሥር ፈንገሱ ይቀንሳል። የጠገበ ሰው እረኛ አይቀጥርም እንደማለት ነው። ስለዚህ ከደጃችን የሚገኘውን ብስባሽ መሠረት እናድርግ።

ብስባሽ አሠራር በቆላ አገር

ብስባሽ ማለት የተክል ቅሪትና እበት ተደባልቆ፣ ውሃና አየር አግኝቶ፣ ሲበሰብስ የሚሆነው ጥቁር አፈር መሰል ነገር ነው። ኮምፖስትም ይባላል።

ስህተቴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነው ብስባሽ ከንቱ ቀረ። በመጽሐፍ እንዳየሁት ከመሬት በላይ ከመርነው። የቆቦ ፀሐይና ነፋስ አደረቀው። ከዚያ ምስጥ ወረደበት። ከሦስት ወር በኋላ ስንገልጠው አገዳው እንዳለ ነበር። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ የተረዳሁት በዝናብ ጊዜ ክምር፣ በደረቅ ጊዜና በቆላ አገር ግን ጉድጓድ እንደሚሻል ነው። ጉድጓድ እርጥበት ይይዛል።

በሁለተኛው ዓመት እንዲህ አደረግን፤ እናንተም እንዲህ አድርጉ።

1. ከቤት አጠገብ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎርፍ የማይገባበት ቦታ ምረጡ። ጉድጓዱ ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ይሁን።

2. ከሥሩ የተቆራረጠ የማሽላ አገዳ አንድ ስንዝር ያህል አንጥፉ። አየር እንዲገባ ይረዳል።

3. በላዩ ደረቅ ነገር፣ ማለትም ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ ከመኖ የተራረፈ፣ አንድ ስንዝር ጨምሩ።

4. ቀጥሎ እርጥብ ነገር፣ ማለትም የታረመ አረምና የአትክልት ቅጠል፣ አንድ ስንዝር ጨምሩ።

5. ከዚያ እበት ወይም በጠጥ አራት ጣት ያህል፤ በላዩም ስስ አፈርና ጥቂት አመድ በትኑ። ውሃ አርከፍክፉ።

6. ጉድጓዱ እስኪሞላ ይህንኑ ደጋግሙ። መሃሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ አፉን በአፈርና በሣር ክደኑት።

ዱላው ሐኪማችሁ ነው። ከሳምንት በኋላ ንቀሉትና በእጃችሁ ዳብሱት። ሙቅና እርጥብ ከሆነ ሥራው ይዟል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቃዛ፣ የጨቀየና የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፤ ደረቅ ነገር ጨምሩ። ከወር በኋላ አገላብጡት። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የዝናብ አፈር ሽታ ያለው ይሆናል። መስከረምና ጥቅምት አረሙ ለምለም ስለሆነ ለመጀመር መልካም ጊዜ ነው። ከደረሰ በኋላ እስከ ዘር ድረስ ተከድኖ ይቆይ።

በማሳችንና በመንገዳችን ዳር የሞላው ቅንጨ አረም፣ ማለትም ፓርቴኒየም፣ ለዚህ ይሆናል። ነገር ግን ሳያብብ መታጨድ አለበት። ቆዳና ሳንባ ስለሚያስቆጣ እጅንና አፍንጫን ሸፍኑ። ያበበች አቀንጭራ ግን ፈጽሞ ወደ ጉድጓድ አትግባ። እሷን ሰብስባችሁ አቃጥሏት።

የእናት ጥያቄ

በአንድ የመማሪያ ጣቢያ ይህን ስናገር አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ እበቱን ጉድጓድ ከከተትኩት እንጀራውን በምን ልጋግረው?» አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በዚያው ቀን መልስ አልነበረኝም።

ተወያየንበት። መልሱን ያገኙት እዚያው የነበሩት ሴቶች ናቸው። በክረምት እበት ለኩበት አይደርቅም፤ ረግጠውት ይቀራል። እርሱ ለጉድጓድ ይሁን። በበረት ውስጥ ሽንት የጠጣው አፈር ለማገዶ አይሆንም፤ ለብስባሽ ግን ወርቅ ነው። የፍየልና የበግ በጠጥም አለ። የኩበቱ አመድ ደግሞ ከምድጃ ወደ ጉድጓድ ይመለስ። እንዲህ ከሆነ እንጀራውም ይጋገራል፤ አፈሩም ይበላል።

ብስባሹ ለማሳው ሁሉ አይበቃም። እውነቱን እንነጋገር። ስለዚህ አቀንጭራ በበዛበት ጥጋት ጀምሩ። እንደ ጨው ከመበተን ይልቅ ዘሩ በሚወድቅበት ፈር ውስጥ አድርጉት። በፀሐይ ሳይደርቅ ወዲያው ከአፈር ጋር ቀላቅሉት።

አንድ ነገር እንዳትስቱ። የሥር ፈንገሱ በብስባሹ ጉድጓድ ውስጥ አይኖርም። ያለ ሕያው ሥር አያድግም። እርሱ በማሳችሁ ውስጥ አስቀድሞ አለ። ብስባሹ አፈሩን ያለሰልስለታል፣ እርጥበት ያቆይለታል። እናንተም ክሩን አትበጥሱበት። ማረስ በበዛ ቁጥር ክሩ ይቆራረጣል። መሬቱም ለረጅም ጊዜ ያለ ተክል ባዶውን ከከረመ ፈንገሱ ይመነምናል። ማሽላን በማሾና በሽምብራ ማፈራረቅ መልካም ነው። ሰሊጥና ጥጥ ደግሞ ሌላ ጥበብ አላቸው። ሥራቸው አቀንጭራን ይቀሰቅሳታል፤ እሷ ግን ልትበላቸው አትችልም። ነቅታ የምትበላው አጥታ ትሞታለች።

የሌሎች ምስክርነት

ከእኛ ወደ ሰሜን፣ ከኮረም አለፍ ብሎ፣ በሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አዲ አቦ ሙሳ የሚባል ቦታ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 በትግራይ የተጀመረ የብስባሽ ሥራ ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሥራውን ያስጀመረው በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ የሚታወቀው የዘላቂ ልማት ተቋም ነው። በየማሳው ምርቱ ሲለካ፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ በጠቅላላው ማዳበሪያ ካገኘው ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ሰጠ። የብስባሹም ጥቅም በአንድ ዓመት አላለቀም፤ ለሚቀጥለውም ተረፈ።

በዘር በኩልም ተስፋ አለ። በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከዚያ ሥራ ከተገኙት ዘሮች አንዷ ጎብዬ ትባላለች። ስሟ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስንመጣ የምናገኛት ከተማ ስም ነው። የጎብዬ ሥር የሚያወጣው ጥሪ አቀንጭራን በደንብ አይቀሰቅስም። ቁመቷ ግን አጭር ስለሆነ አገዳዋ እንደ አገሬው ማሽላ አይበዛም። ምክር የሚያስፈልጋችሁ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ውድ አድማጮቻችን፣ በ1977 ዓ.ም. ቆቦና ኮረም ያዩትን ድርቅ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ዝናብን ማዘዝ አንችልም። የዘነበውን ጥቂት ቀን አቆይቶ የሚያሳልፍ አፈር ግን መሥራት እንችላለን። ዝናቡ ባቋረጠበት ሳምንት፣ ዘለላ በሚይዝበትና በማይዝበት ማሽላ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ነገ ወደ ማሳችሁ ስትሄዱ አንድ የማሽላ ሥር ቆፍራችሁ ተመልከቱ። ፈንገሱን በዓይን አታዩትም። አፈሩ ግን ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ይወጣል ወይስ እንደ አሸዋ ይረግፋል? እርሱ ይነግራችኋል። ያያችሁትንም በደብተራችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። ደህና ሰንብቱ።

አዳዲስ ቃላት፦ ፈንገስ፤ ማይኮራይዛ፤ ብስባሽ፤ ፎስፈረስ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. አቀንጭራ ከመሬት ሳትወጣ ማሽላን የምትጎዳው እንዴት ነው?
2. የማሽላ ሥር ጥሪ የሚያበዛው መቼ ነው? ጥሪውንስ እነማን ይሰማሉ?
3. በእናንተ ቤት ለኩበት የማይሆን፣ ለብስባሽ ግን የሚሆን ምን ምን አለ? ቆጥራችሁ ጻፉ።